የተቃጠለው ደብዳቤ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ 26 ጁን በሚባል ሰፈር፣ በምሠራባት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩበት ግን እኔ በመሆኔ ሰው ሲተቸው ያመኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ያን ስሪዲ የሚሉትን የዴስክቶፕ ጌጥ ልሞክር ብዬ ተነሣሁ። መጀመሪያ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ስቀይር ደግሞ የመስኮቶቹ የላይኛው ጠርዝ ከነመዝጊያው ጠፋ። ደጋግሜ አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ደጋግሜም ተሳደብኩ። በመጨረሻ ዴስክቶፑ እንደ ካርቶን ሣጥን በአራቱም ጎኑ ይሽከረከር ጀመር። ብቻዬን አጨበጨብኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን መስኮት ሲዘጋ በነበልባል እንዲጠፋ የሚያደርግ ምርጫ አገኘሁና እሱንም አበራሁት።

ብዙም ሳይቆይ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ለግንባታ ሠራተኞች ምግብ የሚያበስሉ የአገሬ ሴት ከባጃጅ ወርደው ገቡ። ድሬዳዋ ካለችው ታናሽ እህታቸው ጋር ከተጣሉ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ስልካቸውን ብሎክ ስላደረገችባቸው፣ በማግስቱ በሚሄድ ሰው እጅ ደብዳቤ ሊልኩላት ነው። እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እየተየብኩ አንድ ገጽ ሞላን። ሴቭ አድርጌ፣ ጉራዬ አላስቀምጠኝ ብሎ መስኮቱን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። ደብዳቤው ከታች ጀምሮ ነደደ።

«ኡኡ! ተቃጠለ! አንተ ልጅ፣ ውኃ አምጣ!»

ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው «ያ አላህ!» እያለ ጀሪካን ይዞ ገባ። ኮምፒውተሬን በሁለት ክንዴ ከለልኩት።

«እትዬ፣ የስክሪን እሳት ነው። ደብዳቤዎ አለ» አልኳቸው። አላመኑኝም። መልሼ ብከፍተውም አላመኑኝም።

«እስቲ አንብበው፤ የጎደለ እንዳለ ልስማ።»

አነበብኩላቸው። የልጅሽን ሰርግ ከሰው አፍ ሰማሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ ውለታዬን በላሽ። አንድም ቃል አልጎደለም። እሳቸው ሲናገሩት ለቅሶ ለቅሶ ይል የነበረው፣ እኔ ሳነበው የፍርድ ቤት ክስ ሆነ። ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አነሡ።

«በቃ፣ በቃ። እንዲህ ለሚለኝ ሰው እኔስ ስልኬን አነሣለሁ?» ትንሽ አሰቡ። «በል ያንን እሳትህን አምጣው።»

ፋይሉን ሰርዤ መስኮቱን ዘጋሁት። ነበልባሉ ገጹን ሲበላው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። አማርኛ የማይሰማው ነጋዴ ምን እንደተባለ አንድም ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። እኔም በዚያ ቀን በሥራዬ እንደኮራሁት ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ አዲስ ባዶ ገጽ ከፈትኩላቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። እኔም ጣቴን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

«ጻፍ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እህቴ፣ ሙሽራዋን ሳላቅፋት ቀረሁ። ስልኩን ተዪው። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በሩን ክፈቺልኝ።»