የባሌ ክላሽ

ባሌ በሞተበት ዓመት፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የሆነ ነው። ጊዜው ሩቅ አይደለም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ሰው «ተይው፣ አለፈ» ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል። አላለፈም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ቆላ ውስጥ፣ ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባሌ ማንደፍሮ ሰሊጥና ማሽላ ያርስ ነበር። እኛ አገር ሰው ከእርሻው ላይ ይታገትና ቤተሰቡ ገንዘብ አምጡ ይባላል። ስለዚህ ገበሬው ያለ መሳሪያ እርሻ አይውልም። ማንደፍሮም በስሙ ፈቃድ የወጣለት ክላሽ ነበረው። ስንት ጊዜ ከተኩስ መሐል የወጣውን ሰው ወባ ቀጠፈብኝ። ሰሊጡ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር።

እኛ ዘንድ የሟች መሳሪያ ለቅሶው ላይ ተይዞ ይወጣል። የባሌ ታናሽ ወንድም አስማረ ክላሹን ተሸክሞ ፎከረ፣ አለቀሰ፣ አስለቀሰ። እኔም በእንባዬ መሐል «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አልኩ። ለቅሶው ሲያበቃ ክላሹን እንዳንጠለጠለ ወደ ቤቱ ሄደ። ክላሹም በዚያው ቀረ።

አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከዚያ ሄጄ ጠየቅሁት።

«ሴት ክላሽ ምን ይሠራላታል?» አለኝ እየሳቀ። «የወንድሜን እርሻ እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ አርፈሽ ልጆችሽን አሳድጊ።»

ድንቄም ጠባቂ! ነገሩ የገባኝ ሰሊጡ ሲደርስ ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች ደግሞ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት «ጠባቂያችሁ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነታቸውን ነው፣ ነፍሳቸው ናት። «ክላሹ በእጄ የለም» አልኳቸው። አንዱ ከጎጃም የመጣ አጫጅ «እንግዲያው ይቅርብን እናቴ» ብሎ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ።

ወዴት ሄደ? አስማረ ዘንድ! የባሌ ክላሽ እየጠበቃቸው የአስማረን ሰሊጥ ያጭዱ ጀመር። ይኼ አልበቃው ብሎ አስማረ ሰው ላከብኝ። እርሻውን ልቀቂልኝና ከምርቱ ቀለብሽን እሰፍርልሻለሁ ነው የሚለው። ቀለቤን! ከባሌ ጋር ጫካ መንጥሬ ባቀናሁት እርሻ!

ፈቃዱን በስሜ ላዞር ተነሳሁ። መሳሪያ የሚመዘገብበት ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«ማን ላይ ልትተኩሺበት ነው?»

«ባሌን ይህን ጠይቃችሁት ነበር?» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። የማንደፍሮ ሚስት መሆኔን ሽማግሌዎች መሰከሩልኝ፣ ዋስ አምጪ ሲለኝም አመጣሁ። የቀረው መሳሪያው ራሱ መቅረቡ ነው አለኝ። አስማረ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። «ፈቃድሽን አሳዪኝና እሰጥሻለሁ» አለኝ። ቢሮው መሳሪያ አምጪ ይለኛል፣ እሱ ፈቃድ አምጪ ይለኛል። እያወቀ ነው እኮ! ሰሊጤ ደግሞ ዳር ዳሩን መከፈት ጀምሯል።

የቀሩኝ አማቴ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። የሚኖሩት ከአስማረ ጋር ነው። ከተጋባን ቀን ጀምሮ አይወዱኝም፤ ልጃቸውን ከደጋ ወደዚህ ቆላ ያወረድኩት እኔ ነኝ ይላሉ። ወባ የበላውም በእኔ ምክንያት መሆኑ ነው እንግዲህ። አስማረ እርሻ በዋለበት ሄጄ ደጃፋቸው ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግቢ እንኳ አላሉኝም። ሰምተው ሲጨርሱ «በቃ፣ ሂጂ» አሉኝ። በሆዴ እየተሳደብኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት እማማ ጥሩነሽ ቆመዋል። ጋቢያቸው በአንድ በኩል ተወጥሯል። አስማረ ሳይነቃ ክላሹን ከራስጌው አንስተውት ነው የመጡት።

«ተነሽ፣ ቢሮው ይርቃል» አሉኝ።

ልንደርስ ስንል ቆም አሉ። «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። አንዱን ልጄን ቀብሬያለሁ። የቀረው ደግሞ የወንድሙን ልጆች ሲያስርብ ቁጭ ብዬ አላይም።»

ክላሹን ሰውየው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። «በእሷ ስም ጻፍ!» አሉት። ጻፈ እንጂ ምን ያደርጋል።

አስማረ ቤቴ ድረስ መጥቶ ያልሰደበኝ ስድብ የለም። «ክላሽ ስላነገትሽ ወንድ የሆንሽ መሰለሽ!» አለኝ። የራሱ መሳሪያ አልነበረውም፣ በወንድሙ ነበር የሚኮራው። እኔ ከወሎ የመጡ ሠራተኞች አገኘሁ። ግማሹ ሰሊጥ ሳይረግፍ ደረስንበት።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። እርሻው ላይ በጣልነው ዳስ ውስጥ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ተቀምጫለሁ። ከአስማረ እርሻ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሠራተኞቼ ማጭዳቸውን ጥለው መሬት ላይ ተኙ። ከማሽላው መሐል አስማረ በአንድ እግሩ ጫማ እየሮጠ መጣ። ከኋላው የታጠቁ ሰዎች ይታዩኛል።

ዳሱ ውስጥ ዘሎ ገባና እጁን ዘረጋ። «ክላሹን ስጪኝ! ቶሎ በይ!»

ወይ ጉድ! ሸሽቶ እኔ ዘንድ ገብቶም ያዛል።

«አንተ ልጆቹን ያዝ!» አልኩት።

ያዘ። ምን አማራጭ አለው? ሁለቱንም አቅፎ ዳሱ ውስጥ ከተከመረው ጆንያ ጀርባ ተጋደመ። እኔ ክላሹን ይዤ ወጣሁና ታስሮ እንዲደርቅ ከቆመው ሰሊጥ ኋላ ተንበረከክሁ። ማንደፍሮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አተኳኮስ አሳይቶኝ ነበር። ጀግና ነኝ ብዬ አልዋሽም። ሰውም አልመታሁም፣ ከአናታቸው በላይ ነው የለቀቅሁት። መሳሪያ የለም ብለው ነበር የመጡት። መኖሩን ሲያውቁ ወደ ጫካው ተመለሱ።

አስማረ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። እግዜር ይስጥልኝ አላለኝም። በሳምንቱ ኮኪት ላይ «እኔ ነኝ ያባረርኳቸው» እያለ ማውራቱን ሰማሁ። ሠራተኞቼ እዚያው ነበሩና ገበያ መሐል ሳቁበት።

ይቅር አላልኩትም። ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ሽማግሌዎቹን አክብሬ ሸኘኋቸው፣ እሱን ግን አላይም። ልጆቼን ያዳንኩበትን ክላሽ ሊከለክለኝ የነበረ ሰው ነው። ስንቷ ሴት እንዲህ ተብላ እርሻዋን ለቃ እንደሄደች ሳስብ ንዴቴ ይታደሳል።

እማማ ጥሩነሽም እስካሁን አይወዱኝም። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ሲመጡ ወጤ ጨው በዝቶበት ያገኙታል። ዘንድሮ ሠራተኛ ስቀጥር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። የአጫጆቹ አለቃ ዙሪያውን ቃኘና የተለመደውን ጠየቀ።

«ጠባቂያችሁ ማነው?»

አፌን ሳልከፍት እማማ ጥሩነሽ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አታያትም እንዴ?» አሉት፣ ተቆጥተው።