ትርፊት ለወንድሟ ያስተማረችው ቃል

ጎረቤቴ ትርፊት ተረጋግታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ሆሳዕና ገበያ ቆጮ ስትቸረችር እንኳ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፤ ገዢ እያነጋገረች አንገቷ ይዞራል። ወንድሟ ዳኘ ይህን ጊዜ የአንዱን ጋሪ ጎማ ተከትሎ ወደ ቦኖሻ ከተማ ይነጉድ ይሆናላ! ዳኘ ሃያ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው። ጎማ ሲዞር ካየ ግን ዓለምን ይረሳል፤ ቢጠሩት አይዞርም፣ ቢመቱት ለምን እንደተመታ አያውቅም።

እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ምን እንደሆነ የሚነግራት አጥታ ያልሄደችበት የለም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የኮሶ መድኃኒት ሰጣት። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ጸለዩለት። ሰፈሩ ደግሞ «እናቱ ሠርታ ያመጣችው ነገር ቢኖር ነው» እያለ ሟቿን ያማል። እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃዎች «ቁም!» ሲሉት ዝም ብሎ አለፋቸው፤ ትከሻውን በሰደፍ አሉት። ከዚያ ወዲያ ትርፊት ቆረጠች። ቤታቸው የሚነገረው ሀዲይኛ ነው፤ ጠባቂዎቹ የሚጮኹት ግን በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ልታስተምረው ተነሣች። ስሙን ትጠራለች፤ «አቤት» ብሎ ከመጣ ከመዳፏ ቆሎ ያገኛል፣ ካልመጣ የለም። ጧት «ዳኘ!»፣ ማታ «ዳኘ!»፣ እንሰት እየፋቀች «ዳኘ!»፤ እኛ ጎረቤቶቿ ሰለቸን። በሁለተኛው ክረምት ከአጥሩ ወዲያ «አቤት!» የሚል ድምፅ ስሰማ ሥራዬን ጥዬ ሮጥኩ። ተቃቅፈን አለቀስን።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ከዘመቻው ለማምለጥ ደንቆሮ ነኝ፣ ዲዳ ነኝ የሚለው ወጣት ስለበዛበት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ኃይሉ የራሱን ምርመራ ፈለሰፈ፤ ከኋላ ሆኖ ድንገት ስም መጥራት። የዳኘ ተራ ሲደርስ ትርፊት ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቀች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜ እንደ ሰው አይደለም። ጠመንጃ ቢሰጡት አፈሙዙን ከሰደፉ አይለይም።»

«እናያለና» አለና ከዳኘ ጀርባ ጮኸ፤ «ዳኘ!»

«አቤት!» አለ ዳኘ ጥርት አድርጎ። ሮጦም መጣና መዳፉን ለሊቀመንበሩ ዘረጋ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይታዘዛል! ከዚህ የተሻለ ወታደር ከየት ይመጣል?» አለ ጓድ ኃይሉ።

«እኔ ነኝ ያንን ያስተማርኩት! እባክዎ ሌላ ነገር ይጠይቁት!»

«መማር ከቻለማ ጤነኛ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በማግስቱ የጭነት መኪናው ምልምሎቹን ይዞ ከቀበሌው ግቢ ሲወጣ ትርፊትን ክንዷን ይዤ ቆሜያለሁ። ዳኘ ከላይ ጠርዙን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ የሚዞረውን ጎማ ያያል፤ ደስ ብሎታል። ብትጠራው እንደሚመጣ ታውቃለች። መኪናው እየሄደ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ጠባቂም ጠመንጃ ይዟል። ባትጠራው ደግሞ ከእንግዲህ የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፤ ወደየት እንደሚጠሩት እግዚአብሔር ይወቅ። ክንዷን ከእጄ መንጭቃ ወደ ፊት ወጣች።

«ዳኘ!»

«አቤት!» አለና ዘለለ።

አልተኮሱም፤ ተመስገን። ግን እግሩ ከጉልበቱ በታች ክፉኛ ተሰበረ። ሐኪም አየውና «በእግሩ ምክንያት ለውትድርና ብቁ አይደለም» አለ፤ ጓድ ኃይሉም ያለ ክርክር ተቀበለ። ስለ ሌላው ችግሩ የጠየቀ የለም።

ያን ሳምንት ሰፈሩ ወተትና አጥሚት እየያዘ ሊጠይቀው ጎረፈ። እናቱን ሲያሙ የኖሩት ሳይቀሩ ከንፈራቸውን እየመጠጡ «እግዚአብሔር ይማረው! ይህ ምን ዓይነት መከራ ነው?» ይላሉ። ትርፊት እየሰማች ስትንቆራጠጥ ቆየችና ከቤቱ መካከል ቆመች።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለች፤ ጮኻ።

የመለሰላት ዳኘ ብቻ ነበር። ድምጿን ሰምቶ ከተኛበት «አቤት!» አለና መዳፉን ዘረጋ።