ለናሆም ክርስትና የተሰናዳው ጠመንጃ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ልጄ ናሆም የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ አስሮ አገኘሁት። የጠረጴዛ ልብሴ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ ተወርውሯል። ከሞርሳው ጎን ዘይት በጠገበ ወረቀት የተጠቀለለ ረጅም ብረት ተጋድሟል። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። የቲማቲሙን ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

“ማሚ፣ ሪላክስ” አለኝ ቀና ሳይል። “የጠመንጃዬን አፈሙዝ ልቀይር ነው። ሆቢ ነው እኮ።”

ሆቢ ይላል! ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ዶሮ ያረባል። የኔ ልጅ ደግሞ ፊቱ ሥር ባሩድ የሚፈነዳበትን ዕቃ ቤት ውስጥ እየፈታ መግጠም አማረው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ጀፕስታውን ሰፈር ባለው ሱቃችን ይሠራል፤ ብርዱ ሲገባ ከደንበኞቹ ጋር አደን ይሄዳል። ፈቃዱ የተሟላ ነው፣ ጠመንጃውም የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ስልኩን ጨው ዕቃው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ነጭ ሰውዬ ጋራዡ ውስጥ እየሳቀ አፈሙዝ ሲያጠብቅ ያያል። ሰውዬው ሲያወራ ሽንኩርት የሚከትፍ ነው የሚመስለው። አባቱ ጌታቸው ደግሞ ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ ሆዱን እያሻሸ፣ “እኔ በአንተ ዕድሜ ያለ ስልክ ነው የሠራሁት” ይለዋል።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ። ስለ ብረት ሥራ የማውቀው የለኝም። ያንን ጌታቸው “ሠራሁት” የሚለውን ሥራ ግን አጠገቡ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ በቀረ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍልና ወጥ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። እዚህ አገር በኅዳር የመንገዱ ዛፎች ሐምራዊ አበባቸውን አራግፈው አስፋልቱ ያዳልጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና በረዶው የመኪናውን ጣሪያ ሁሉ ይደበድበዋል። ናሆምን ከወለድኩ ሠላሳ ቀን ሆኖኛል። የሚያርሰኝ ዘመድ ስላልነበረኝ ገንፎዬን የማገነፋው ራሴው ነኝ። ገብስ ከየት ይመጣል? እዚህ ፓፕ የሚሉትን ገንፏቸውን በሚሠሩበት የበቆሎ ዱቄት ነው፤ ቅቤውን ከፎርድስበርግ ሕንዶቹ ጋ እንገዛለን። ሽታው ያገር ቤቱን አይሆንም፤ ትኩሱን ሲበሉት ግን ይወርዳል።

ጌታቸው ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት ያገኘው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ሌላው ሰው ወረቀት ሲያገኝ እናቱን ሊጠይቅ አገሩ ይሄዳል። የኔ ባል የጠመንጃ ፈቃድ አወጣ። ከአንድ ሽማግሌ ነጭ ገበሬ፣ በእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የሚቀባበል አሮጌ ጠመንጃ ገዛ። አፈሙዙ ከውስጥ ዝጎ ተበልቷል። ሽማግሌው ሌላ አፈሙዝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠውና “ባለሙያ ይግጠምልህ” አለው። ጌታቸው አፈሙዙን ተቀበለ፤ ምክሩን እዚያው ትቶት መጣ።

ሁለታችንም ያደግነው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እዚያ ወንድ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ጥይት ይተኮሳል። ጌታቸውም ናሆም በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ፣ ከከተማ ውጭ ባለ የወዳጃችን ግቢ ድግሱ ላይ ሦስት ጥይት ሊተኩስ ቆርጧል። ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሎኬሽን ለሎኬሽን፣ በየድሃው ሰፈር፣ እየዞረ ሲሸጥ ኖሮ ገና ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ለአንድ ቀን ባላባት መሆን አማረው።

ረዳቱ ጓደኛው ተሾመ ነበር፣ የናሆም ክርስትና አባት እንዲሆን የተመረጠው። አባቱ ዘበኛ ስለነበሩ ጠመንጃ አዋቂ ነኝ ባይ ነው። ሁለቱ እሁድ ጠዋት የመጥበሻዬን ቦታ አስለቅቀው ሞርሳ አሰሩ። አሮጌው አፈሙዝ አልላቀቅ ብሎ እስከ ምሳ አላባቸው። አንዱ ሰደፉን ያቅፋል፣ ሌላው ከቧንቧ ሠራተኛ የተዋሰውን ትልቅ መፍቻ ይዞ ይንጠለጠልበታል። ልጄ ብረቱ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ይባንናል። እኔ ጡቴን አጉርሼው እነሱን አያለሁ፤ ሁለት ጎረምሳ አንዲት ላም የሚያልቡ ይመስሉ ነበር።

አዲሱ አፈሙዝ ሲገባ ጌታቸው ጥይቱን የሚገፋውን ብረት፣ ያንን ወደ ኋላ ተስቦ ተመልሶ የሚቀረቀረውን፣ ደጋግሞ ዘጋ ከፈተ።

“ስማው!” አለ ተሾመ ጆሮውን አስጠግቶ። “እንደ ቅቤ! አገር ቤት ዛፍ ሥር ያሉት ጠጋኞች እንዴት እንደሚፈትኑት ታውቃለህ? በድምፁ ነው። ካንገራገረ አልገጠመም፤ ከለሰለሰ አለቀ።”

“ልኩን የሚለካ ነገር የለውም?” አልኩ እኔ።

“አንቺ ገንፎሽን አማስዪ የሺዬ” አለኝ ባሌ እየሳቀ። “ይህ የወንድ ሥራ ነው።”

ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩትን አያ ካሴን አውቃቸዋለሁ። እሳቸውም ቤት ውስጥ የተጠገነ ጠመንጃ ተኩሰው ነው አንድ ዓይናቸውና ጉንጫቸው የሄደው። ሲበሉ ምግቡ በጎን ስለሚፈስ ሰው ፊት አይበሉም ነበር። ቅቤ ሆነ አልሆነ፣ የዚያ ጠመንጃ ሰደፍ የልጄ አባት ጉንጭ ላይ ሲደገፍ ታየኝ። ባሌን መናቄ ሌላ ነገር ነው፤ ባል አልባ መሆን ሌላ ነገር ነው። በሰው አገር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራስ ልጅ ይዤ የት ልገባ ነው?

ለክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለቱም ወደ ሱቃችን ሲሄዱ ያንን የሚቀረቀረውን ብረት ከጠመንጃው መዝዤ አወጣሁት። ሲያወጣው አይቼ ነበር፤ ከባድ አይደለም። ቀዝቃዛ ነው፣ ዘይት ይሸታል። በላስቲክ ደጋግሜ ጠቅልዬ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ከሚዘፈዘፍበት ባልዲ ሥር ከተትኩት። ጌታቸው ያንን ባልዲ፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው።

ሁለት ቀን ፈለጉ። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ዱቄቴ ተዘረገፈ፣ ጣሪያ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ሳይቀር ተፈተሸ። ባልዲውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከኋላው አየና “ኤጭ!” ብሎ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ተሾመን ጠረጠረው።

“አንተ ነህ! ከኔ በላይ መታየት ስለምትፈልግ ነው!”

“እኔ? የልጅህ ክርስትና አባት? ያምሃል እንዴ ጌታቸው?”

“ታዲያ የሺ ወሰደችው?”

ሁለቱም ዞረው አዩኝና፣ አብረው ሳቁ። እኔ ልወስድ እንደምችል ለማሰብ እንኳ ሰነፉ። አንገቴን ደፍቼ ጨርቄን አጠብኩ።

ሌላ ክርስትና አባት በአንድ ቀን ስለማይገኝ ጠዋት ታረቁ። ናሆም ተጠመቀ። ድግሱ ላይ ሰው “ጥይቱስ?” ብሎ ሲጠይቅ ጌታቸው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። “የሰው አገር ሕግ ማክበር ይገባል ብዬ ተውኩት” አለ። ሽማግሌዎቹ “ተባረክ፣ አስተዋይ ልጅ” ብለው መረቁት። ተሾመ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን አለ። እኔ ቀሚሴን በጥርሴ ነክሼ ሳቄን አፈንኩት።

በሦስተኛው ቀን ብረቱን አጥቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ብድግ አድርጎ አገላበጠው።

“አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ለሚያውቅ ሰው ታሳየዋለህ። እምቢ ካልክ የት አስቀምጬው እንደነበር ለተሾመ እነግረዋለሁ።”

“የት ነበር?”

ባልዲውን አሳየሁት። ያን ቀን በሱቁ ባኪ፣ በትንሿ የጭነት መኪና፣ ሄድን።

ባለሙያው ከፎርድስበርግ ገበያ ጀርባ ጠባብ ሱቅ ያለው፣ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ከመሳቢያው የጥይት መልክ ያለው አጭር ብረት አወጣና ጠመንጃው ውስጥ ከተተው። ከዚያ በአንድ ጣቱ ብቻ ገፍቶ ዘጋው። እንደ ቅቤ ተዘጋ። ጌታቸው ፈገግ አለ። ሽማግሌው ግን ፊቱ ጠቆረ። ያቺ መለኪያ ስትገባ መዘጋት አልነበረበትም፤ ከተዘጋ ውስጡ ጥይቱን አንቆ የማይዝ ክፍተት አለ ማለት ነው።

“ማን ነው የሠራው?” አለ።

“ስገዛው እንዲህ ነበር” አለ ባሌ።

ሽማግሌው ጀርባዬ ላይ የታዘለውን ናሆምን አየ። የኔ እንግሊዝኛ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም ነበር፤ ያወቀብኝ መሰለኝ። ጡጫውን ጨብጦ ዓይኑ ሥር አደረገና፣ ጣቶቹን በአንዴ ዘረጋቸው። ከዚያ ጠመንጃውን ጠቁሞ፣ ጣቱን ቃታ እንደሚስብ አጥፎ “ተተኩሷል?” ብሎ እኔን ጠየቀ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ፣ አልተተኮሰም አልኩ። ትንፋሹን ለቀቀ። አፈሙዙን እሱ እንደ አዲስ ሊገጥመው ጠመንጃውን አስቀረው።

በመልሱ መንገድ ጌታቸው እስከ ሂልብሮው ድረስ መኪናውን ቀስ አድርጎ ነዳ። ከዚያ “ለጥቂት ነው የሳትኩት፤ የፀጉር ያህል” አለ። እሁድ ተሾመ ሲመጣ ደግሞ “ሽማግሌው እጄን አደነቀ፤ እኔ ጋ ሥራ ብሎኛል” ሲለው ሰማሁ። ገንፎዬን ማማሰሌን ቀጠልኩ። ባል በጓደኛው ፊት አይዋረድም ብለው ነው ያሳደጉኝ። ወሬው ዓመት በዓመት አደገ። ናሆም እግር ሲያወጣ ጠመንጃውን በገዛ እጁ የሠራ፣ ሲገጥም መሳሳት የማያውቅ አባት ነበረው።

ቅዳሜ ዕለት ናሆም መፍቻውን ይዞ ወደ ሶፋው ዞረ። “አባ፣ አንተ ያኔ ልኩን በምን ለካኸው?” አለ።

ጌታቸው ወደ እኔ አየ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያየኝ ቶሎ ብዬ ወሬ እቀይርለታለሁ፣ ወይ ምሳ ቀርቧል እላለሁ። ባሌን በሆዴ ስንቀው ኖሬ፣ ውሸቱን ግን በእጄ ሳጎርሰው ኖሬያለሁ። ከሁለታችን ማንኛችን የባሰ እንደሆን እግዜር ይወቅ። እሱ አንድ ቀን ሞኝ ሆነ፤ እኔ ያንን ሞኝነት ለልጄ ጌጥ አድርጌ አለበስኩት።

“በጆሮው ነው የለካው” አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ባልዲውን፣ ሽማግሌውን፣ ያንን የተዘረጋ መዳፍ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገርኩት። ናሆም ስልኩን አጠፋው። አልሳቀም።

“ለምንድነው እስካሁን ያልነገርሽኝ?” አለኝ በመጨረሻ።

ተነሥቼ የጠረጴዛ ልብሴን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። ሰኞ አፈሙዙንና ጠመንጃውን ይዞ ወደ ባለሙያ ሄደ። አባቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ አኩርፎኛል። ያኩርፍ።