መኪናዬን ሳቀልላት

ያቺን መኪና ለምን እንደገዛኋት ቢጠይቁኝ እስከ ዛሬ የረባ መልስ የለኝም። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ልትስም ምንም ያልቀራት፣ አሮጌ ትንሽዬ የስፖርት መኪና ናት። ሱሉልታ ውስጥ ጋራዥ ያለው አብሮ አደጌ ግቢ ውስጥ ቆማ አየኋትና ልቤ ሄደ። እኔ እንግዲህ ቡራዩ እየኖርኩ ሰበታ የማስተምር፣ በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ የምመላለስ ሰው ነኝ። ሚስቴ ገና ስታያት «ሌላው ግማሿስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ትጠጣለች ብዬ ነበር። ኧረ ወዲያ! ሰኞ የሞላሁላት ቤንዚን ሐሙስ ያልቃል። ቤንዚን ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ ማደያው ሰልፍ ላይ ስቆም የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ያልፈኛል። ሦስት ጊዜ ካረፈድኩ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርቶኝ «አራተኛው በደብዳቤ ነው» አለኝ። የግድ አንዴ የሞላሁት ቤንዚን ሳምንቱን ማድረስ ነበረበት።

አብሮ አደጌ ሞተሯን ከፍቶ አየና ምንም እንከን አጣባት። «ክብደቷን ቀንስላት» አለኝ። «ላልተሸከመችው ነገር ቤንዚን አትጠይቅህም።»

ነገሩ ገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ትርፍ ጎማውን ከነክሪኩ አወረድኩ። ከእቃ መያዣነት ሌላ ጥቅም ያልነበረውን የኋላ ወንበር ፈታሁ። ምንጣፉን ገፈፍኩ። የብረቱን ኮፈን ሰበታ የፋይበር ገንዳ የሚሠሩ ሰዎች በፋይበር ቀየሩልኝ፤ አሮጌውን ለሁለት ሆነን ነበር ያወረድነው፣ አዲሱን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ መጣሁ። የፈታሁትን ሁሉ የሠፈራችን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስመዝን ነበር። ባለወፍጮው የኋላውን ወንበር ተሸክሜ ስገባ ሲያየኝ «ይሄ ደግሞ ይፈጭ ወይስ ይከካ?» ብሎ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ሁሉ አሳቀብኝ።

ያ ሁሉ ተደርጎ ቤንዚኑ እስከ ዓርብ ጠዋት ብቻ አደረሰኝ። የቀረው የፊት ወንበር ነበር፤ የኔ ሳይሆን የጎኔው።

እዚያ ወንበር ላይ ማክሰኞና ዓርብ ጎረቤታችን ይቀመጣሉ። ሁላችንም በኦሮምኛ «ኦቦ» ነው የምንላቸው፤ አቶ እንደማለት ነው። ሠፈሩ ከተማ ሳይሆን በፊት ጀምሮ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የኛ ቤት የቆመው ድሮ ገብስ ያጭዱበት በነበረ መሬት ላይ ነው። እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ስላለ በሳምንት ሁለት ቀን እኔ በማልፍበት መንገድ ባለ ጤና ጣቢያ ይታጠብላቸዋል። አንድ ቀን ዝናብ ላይ አግኝቼ ወሰድኳቸው፣ በዚያው ልማድ ሆነ። ጨዋታቸውን እወደዋለሁ። ግን ደግሞ ለመግባትም ለመውረድም ጊዜ ይፈጃሉ፣ በየመንገዱም ሰላም የሚሉት ሰው አያጡም፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ወንበሩን ስፈታ እሳቸው ትዝ ብለውኛል ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚምታታብኝ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ነው የፈታሁት። አራት ብሎን ነበር፣ አንዱ ዝጎ እጄን ላጠኝ። ብሎኑን በደንብ አስታውሳለሁ። ስለ ኦቦ ያሰብኩትን ግን፣ አስቤም እንደሆነ፣ አላስታውስም። አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበትን ወንበር እየፈታ ሰውየውን የማያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ በሩን ከፈቱና ወለሉን አዩ።

«አካም ቡልተኒ? እንዴት አደሩ?» አልኳቸው ቶሎ ብዬ።

«ነጋ፣ ደህና። ወንበሩስ? ሊሰፋ ሄደ?»

«አይ ኦቦ፣ ክብደት ልቀንስላት ብዬ ነው። ስትቀል ቤንዚን ትቆጥባለች።»

ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቀሩ ስል አጎዛ ይዘው መጡ፤ ወለሉ ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት። «ወገብዎን ያምዎታል፣ ይቅርብዎት» ብላቸው «እርሻ ላይ ሶፋ ነበረኝ እንዴ?» አሉኝ። መስኮቱ ከራሳቸው በላይ ሆነ። የዚያን ቀን መንገድ ላይ ማንንም ሰላም አላሉም፤ ማንም አላያቸውማ።

ትንሽ እንደሄድን «ወንበሩ ስንት ኪሎ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«አሥራ ሰባት።»

«ጎማውስ?»

«አሥራ ሁለት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ «እኔስ?» አሉኝ።

«ስልሳ አንድ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን እያመለጠኝ ታውቆኛል። ቁጥሩን ያየሁት አንድ ቀን የጤና ጣቢያ ካርዳቸውን ይዤላቸው ስገባ ነው። ግን ቁጥሩን ለምን በቃሌ ያዝኩት? የገዛ እናቴን ክብደት አላውቅም። ኦቦ ከት ብለው ሳቁ። «ጎማውንም ወንበሩንም በለጥኳቸው በለኛ!» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ይነድ ነበር።

ማክሰኞ በራቸው ላይ ጥሩምባ ነፋሁ። ልጃቸው ወጥታ «አባዬ ቀደም ብሎ በታክሲ ሄዷል» አለችኝ። ዓርብም እንደዚያው። በዚያ ሳምንት ቤንዚኑ እስከ ቅዳሜ ደረሰ፣ አንድም ቀን አላረፈድኩም። ደስ ሊለኝ በተገባ፤ ደስ አለማለቱ ግራ አጋባኝ። ወንበሩ ነው ቤንዚኑን የቆጠበልኝ ወይስ የኦቦ መቅረት? አብሮ አደጌን ደውዬ ስጠይቀው ሳያቅማማ «ሰውየው ናቸዋ! ስልሳ አንድ ኪሎ ቀላል ነው?» አለኝ። ሚስቴ አጠገቤ ሆና ትሰማ ኖሮ፣ ስልኩን ስዘጋ «ወንበሩን ያወጣኸው ለቤንዚኑ ነው ወይስ ለኦቦ?» አለችኝ። ጮህኩባት። 

በቀጣዩ ማክሰኞ ታክሲ ተራው ጋ አየኋቸው። ዝናብ ላይ፣ ረጅም ሰልፍ መሃል፣ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ልቁም ብዬ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ግን የት ላስቀምጣቸው ነው? አለፍኳቸው። የዚያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ ተማሪዎቼ ይንገሩኝ።

ከሥራ እንደተመለስኩ ወንበሩን መልሼ አሰርኩና ቤታቸው ሄድኩ።

«ወንበሩ ተመልሷል ኦቦ። ዓርብ አብረን ነን» አልኳቸው።

«ቤንዚኑስ?»

«ይቅር።»

«አርፍደህ ቢያባርሩህስ?»

«እደርሳለሁ።»

«እሺ» አሉ። ልጃቸው እስከ በር ስትሸኘኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቁስሉ እንደሰፋ፣ ነርሷም «በዚህ እግር እንዴት ይሄን ያህል ይራመዳሉ?» ብላ እንደተቆጣች ነገረችኝ። 

ዓርብ ጠዋት ከገፈርሳ በኩል የመጣው ጉም ሠፈሩን ሸፍኖታል፣ ያካፋል። ሞተሩን ሳላጠፋ በራቸው ላይ ጠበቅሁ። ኦቦ አጥሩን እየተደገፉ ወጡ። ሸሚዝ ብቻ ለብሰዋል። ጋቢያቸው የለም፣ ዱላቸው የለም፣ ከባዱን ቦቲ ጫማቸውን ትተው በስስ ነጠላ ጫማ ነው የመጡት። ዘልዬ ወርጄ ያዝኳቸው።

«ኦቦ፣ ጋቢዎስ? ዱላዎስ?»

«ትቻቸው መጣሁ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ጋቢው ወፍራም ነው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። ዱላውም የወይራ ነው። ቁርስም አልቀመስኩ።»

ፊታቸውን አየሁት። ቀልደኛ ናቸው፤ ሠፈሩ በሙሉ በሳቸው ቀልድ ነው የሚስቀው። ሊወጉኝ ፈልገው ከሆነ ይታወቀኛል ብዬ ዓይናቸውን አፈላለግሁ፣ ምንም አላገኘሁም። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ ግን ከብርዱ ነው። ማልቀስም መናደድም አማረኝ።

«እየቀለዱብኝ ነው ኦቦ?» አልኳቸው።

 ትከሻዬን ተደግፈው ገቡና ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ሰብስበው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ንዳ እንጂ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቆመህ ቤንዚኑን ለምን ታቃጥለዋለህ?»