ከሰል ቆጣቢው ምድጃ

እስካሁን የከሰል ሽታ ሲመጣብኝ ያን ሰውዬ እጸየፈዋለሁ፤ ራሴን ደግሞ ከሱ ይበልጥ።

ሱዳን ሳለሁ፣ ሳጃና የሚባል ሰፈር እየኖርኩ ኦምዱርማን አንድ ወርሻ ውስጥ ብረት እበይድ ነበር። ቡሪ የሚኖር አንድ ሱዳናዊ መሐንዲስ ውሃንም ክፍልንም ባንዴ የሚያሞቅ፣ ከሰል የሚቆጥብ ምድጃ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ሐሳቡ የሱ፣ ብየዳው የኔ። መቼም አይካድም፣ ግሩም ነገር ነበር፦ ድርብ ግድግዳ ያለው በርሜል፣ ከታች የአየር መግቢያ፣ ዙሪያውን የውሃ ቱቦ። በጥር ብርድ አሮጊት እናቱ የሚታጠቡበትን ውሃ በፊት ከሚፈጀው ከሰል በግማሹ ያሞቀው ጀመር። እሱ ግን አልበቃውም። "ሙቀቱን ሰማይ እየወሰደብኝ ነው" ብሎ የጭስ ማውጫውን አጥብበው አለኝ። አጠበብኩት።

ምድጃው የቆመው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚያ የምትውለው ሠራተኛቸው የወሎ ልጅ ናት። እሷ ታጥባለች፣ ከሰል ትጨምራለች፤ እሱ በየሰዓቱ ብቅ እያለ ቴርሞሜትሩን አይቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ራሷን ሲያማት መስኮቱን ትከፍታለች። በከፈተች ቁጥር የክፍሉ ሙቀት ይወርዳል፣ የሱም ፊት ይጠቁራል።

አንድ ጠዋት ጠራኝ፤ ሙዓለም፣ ባለሙያው፣ ነው የሚለኝ። "ያ ሙዓለም፣ ይሄን ሹባክ በይደው። ይቺ ልጅ ሥራዬን አበላሸችብኝ።"

ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ለሀበሻ አይነገርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ግን ምድጃው ከተሳካ ለሆቴሎች ሊሠራ፣ እኔን የወርሻው አለቃ ሊያደርገኝ ቃል ገብቶልኛል። "ሐላስ፣ ባሽሙሃንዲስ" አልኩና የብረቱን መስኮት አራት ቦታ በየድኩት። ልጅቷ ሱቅ ተልካ ስለነበር አላየችኝም።

በሦስተኛው ቀን ቱቦ ላጠብቅ ስሄድ እናትየው ይጮኻሉ። ልጅቷ ሳፋው አጠገብ በግንባሯ ተደፍታለች። ጎትቼ አወጣኋትና ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አስተኛኋት። አስመለሳት። እናትየው ወተት ይዘው መጡ። እሱም መጣ፤ "እንዴት ሆነች?" እንኳ አላለም። ዘሎን ገባና ቴርሞሜትሩን አየ። "በሩ ተከፍቶ እንኳ አልቀዘቀዘም!" አለና ጻፈ። ፊቱ ላይ ልተፋበት አሰኘኝ። ግን በምን አፌ? ምራቄን ዋጥኩ።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ያገሯ ሰው መሆኔን ስታይ እጄን ያዘች።

"ጋሼ፣ ተቆጡ እንዴ?"

"ማን?"

"ባሽሙሃንዲስ። ክፍሉ አፍኖኝ፣ መስኮቱን ልከፍት ስታገል ነው የወደቅኩት። ወላሂ ሁለተኛ አልነካውም በልልኝ። እንዳያባርሩኝ፣ አደራህን።"

"እሺ እህቴ፣ እነግርልሻለሁ።"

"አላህ እጅህን ይባርከው" አለችኝ።

አሜን አልኩ።