ዝግባው የጸደቀበት ምክንያት

ካዛንቺስ የነበረው ቤቴ ፈርሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስገባ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ጡረታ እስክወጣ የደን ሥራ ባለበት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ ቃለ ጉባኤ መያዝ አይከብደኝም።

አምና ሰኔ ላይ ስድስት ችግኝ እንድንተክል ከወረዳ ተነገረን። ቦታችን ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለች ጠባብ መሬት ናት። ለስድስት ችግኝ ሦስት እሑድ ተሰበሰብን። ሁሉም የተቃጠለ አየር አብልጦ የሚስበው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር፣ ግራቪሊያ ቶሎ ስለሚያድግ ካርቦን ቶሎ ይስባል አሉ። እኔ ዝግባ አልኩ። ቀስ ብሎ ቢያድግም ብዙ ዘመን ይቆማል፤ የሳበውንም ይዞ ይቆያል።

«እትዬ፣ ዝግባዎ እስኪደርስ ማናችን እንጠብቀዋለን?» አሉኝ መምህሩ።

«እርስዎስ ግራቪሊያው ተቆርጦ ሲነድ ካርቦኑን የት ሊያስቀምጡት ነው?»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሯ ባንክ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ሰዓቷን አየችና «በቃ፣ አምስት ግራቪሊያ፣ አንድ ዝግባ። ይጻፉት እማማ» አለች። ጻፍኩት።

የተከላው ቀን ለቅሶ ነበረብኝ። የካዛንቺስ ጎረቤቴ ሞተው ነበርና መቅረት አልቻልኩም። ስመለስ ተከላው አልቆ፣ ፎቶውም ተነስቶ ሰው ተበትኗል። ቀረብ ብዬ ሳይ ከስድስቱም ችግኞች ሥር፣ ችግኙ የፈላበት የጥቁር ላስቲክ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ሦስት እሑድ ሙሉ የተከራከርንበትን ዛፍ ከነላስቲኩ ቀብረውታል። «ላስቲኩ ሳይቀደድ እንዳይተከል» የሚለውን ማሳሰቢያ በየክረምቱ ስተይብ ነው ያረጀሁት።

የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ ወረድኩ። ከዝግባው ጀመርኩ፤ የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አወጣሁት፣ ላስቲኩን ቀደድኩ፣ መለስኩት፣ አፈሩን በእጄ ጠቀጠቅኩ። ወደ ሁለተኛው ስዞር መምህሩ ከበረንዳቸው ጮኹ።

«እትዬ! በስብሰባ ቢሸነፉ በቢላ መጡ?»

ሊቀመንበሯ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጣ ወረደች።

«ላስቲኩን አልቀደዱትም፤ ሥሩ መውጫ የለውም» አልኳት።

«እማማ፣ ስድስት ተተክሏል ብዬ ፎቶውን ለወረዳ ልኬያለሁ እኮ። አሁን ተነካክቶ አንዱ ቢደርቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ላስቲኩ በዝናቡ ይበሰብሳል።»

«ላስቲክ አይበሰብስም፣ ልጄ።»

«በቃ ይተዉት፣ በናትዎ።»

ተንበርክኬ ስለነበር እጇን ሰጠችኝ። ያዝኩና ተነሳሁ። ልከራከራት ይገባኝ ነበር፤ ቢላዬን አጥቤ ቤቴ ገባሁ።

በጋውን ጎመንና ድንች ያጠብኩበትን ውሃ በባልዲ እያወረድኩ ለስድስቱም እኩል አጠጣሁ። የካቲት ሳይወጣ አምስቱ ግራቪሊያዎች ደረቁ። ዝግባው አዲስ ቅጠል አወጣ።

ዘንድሮ እንደገና ተሰበሰብን። መምህሩ ብድግ አሉ።

«ጥፋቴን አምናለሁ። እትዬ ትክክል ነበሩ። ዝግባ ጠንካራ ዛፍ ነው።»

አጨበጨቡልኝ። ከተጨበጨበልኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ደስ ግን አላለኝም።

«ዝግባ ስለሆነ አይደለም የጸደቀው» አልኩ። «ላስቲኩን ስለቀደድኩለት ነው።»

«ትሕትናዎ ነው» አሉ መምህሩ። ቤቱ እንደገና አጨበጨበ።

ሊቀመንበሯ «እንግዲህ በደረቁት ምትክ አምስቱም ዝግባ ይሁን። ይጻፉት» አለች።

ጻፍኩ። ከሥሩ «ሲተከል ላስቲኩ ይቀደድ» ብዬ ጨመርኩ። ልትፈርም ስታነበው ብዕሯን አነሳች።

«እማማ፣ ይቺ አጀንዳ ላይ አልነበረችም እኮ።» መስመሩን ሰረዘችና ፈረመች።

ተከላው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ለቅሶ ቢኖርም አልሄድም።