አንድ ጣት ፈቀቅ ያለው ማጨሻ

የቢሺያ ሥራ መደበቅ ነው። ፎቶ አንሺ ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት እሷ ትገባና ኑሮ የሚመስለውን ሁሉ ከዓይን ታርቃለች፤ የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ የመድኃኒት ፌስታሉን፣ የትንኝ መምቻውን፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የክሊኒክ ቀጠሮ፣ በር ላይ የተዝረከረከውን ነጠላ ጫማ። አንሶላውን አልጋው ላይ እንዳለ በካውያ ትተኩሳለች፣ የመስታወቱን የጣት አሻራ ትጠርጋለች፣ መጋረጃው አልቆም ካለ ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ተጋድማ በእጇ ወጥራ ትይዘዋለች። ፎቶው ሲወጣ ሰው ሁሉ እንዴት ያለ የጸዳ ቤት ነው ይላል። የእሷን እጅ ያየ የለም፤ ከታየ ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ወገቧም አይደብቀውም።

የዚያን ቀን ፎቶ የሚነሣው ቤት በታይዋኗ የሉካንግ ከተማ፣ እሷ ባደገችበት መንገድ ላይ ነው። የእማማ ዩንጀን ቤት። ልጃቸው ጂንፉ ቤቱን ለአገር ጎብኚ ሊያከራይ፣ እናቱን ደግሞ ዋና ከተማዋ ታይፔ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቱ ሊወስድ ቆርጧል። እማማ "አባትህ ሲፈቅድ" እያሉ ሁለት ዓመት ገፉት። በየወሩ መባቻ በሟች ባላቸው ፎቶ ፊት ተንበርክከው ሁለቱን ቀይ የዕጣ እንጨቶች ይጥላሉ። እንጨቶቹ ሆዳቸው ዝርግ፣ ጀርባቸው ጉብ ያለ ነው፤ አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ሲወድቅ እሺ ማለት ነው፣ ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ እምቢ። ሟቹ ሁለት ዓመት እምቢ ሲሉ ከርመው ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ አከታትለው እሺ አሉ። እማማም በዚያው ቀን ለልጃቸው ደወሉ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም።

ጠዋት ቁልፉን ሲሰጧት እጇን ይዘው ቆዩ።

"ቢሺያ ልጄ፣ ወንበሩንም ድስቱንም እንደፈለግሽ አድርጊው። ማጨሻውን ግን እንዳታነቃንቂብኝ። ሽማግሌው ገና ከተቀመጠበት አልተነሣም። ቀን ቆርጬ፣ ለምኜ፣ ወደ ታይፔ ስሄድ እኔው ነኝ የማነሣው።"

"ኧረ እማማ፣ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለሁም እንዴ? ይቺንማ አጥቻት?"

"ስለምታውቂ አይደል ቁልፉን ላንቺ የሰጠሁት። በይ፣ አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።" ብለው ወደ እህታቸው ልጅ ቤት ሄዱ።

ማጨሻው በቤቱ መሠዊያ ላይ፣ ከሟቹ ፎቶ ፊት የተቀመጠ፣ በአመድ የተሞላ የነሐስ ዕቃ ነው፤ በየጠዋቱ ሦስት የዕጣን እንጨት ይተከልበታል። ለአዲስ ዓመት ጽዳት ካልሆነ በቀር ንቅንቅ አይልም። ከተነቃነቀ የቤቱ ሙታን መቀመጫ ያጣሉ፣ ሕያዋኑም ሰላም ያጣሉ ይባላል። ቢሺያ አምናለሁ አትልም። ግን ወንድሟ የአባታቸውን ቤት ሲያፈርስ ማጨሻውን ካርቶን ውስጥ ከትቶት ነበር፣ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ልቡን ያመው እንደነበር ሐኪሙ ተናግሯል። ቢሆንም ያ ካርቶን ዛሬም ከዓይኗ አይጠፋም።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሥራው ሰላም ነበር። ፎቶ አንሺው ቹንሃው የሃያ ስድስት ዓመት የታይፔ ልጅ ነው፤ ሲያወራ ዓይኑን ከካሜራው አይነቅልም።

"እትዬ፣ የመሠዊያው ጠረጴዛ ፎቶ ላይ ደብዝዞ ሞቷል። ትንሽ አታስነሺልኝም?"

ቢሺያ ጨርቅ ዘይት ነክራ ጣውላውን አሸችው። አቧራውን ከማጨሻው እግር ሥር ሳይቀር በጥጥ ለቅማ አወጣችው። እናቷ እንዳስተማረቻት በግራ እጇ ማጨሻውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ይሁን እንጂ ዘይት የጠጣ ጣውላ የያዙትን አያስይዝም፤ ማጨሻው እጇ ውስጥ እንዳለ ሸርተት አለ። አንድ ጣት ቢሆን ነው። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ክው ብላ ቀረች። ልትመልሰው ፈለገች፣ ግን ወዴት? ቦታውን የሚነግራት የአቧራው ክብ ነበር፤ እሱን ደግሞ ራሷ ጠርጋዋለች። በሃያ ዓመት ሥራዋ እንደዚያ ቀን አጥርታ አጽድታ አታውቅም።

"ምን ሆንሽ እትዬ? ፊትሽ አመድ መሰለ።"

"ማጨሻው ተንቀሳቀሰ።"

"እሱ ነው? እንዲያውም ትንሽ ወደ ግራ ብትጨምሪበት ለፎቶው..."

"አፍህን ዝጋ።"

ቹንሃው ዓይኑን ከካሜራው ነቅሎ አያት፤ ለካ የምሯን ነው። ትንሽ አሰበና ጠዋት ብርሃን ሲለካ ያነሣውን ፎቶ ፈልጎ አጎላላት። የማጨሻው ጫፍ ጣውላው ላይ ያለውን ክብ ጉጥ ግማሹን ሸፍኖት ይታያል። ቢሺያ ትንፋሿን ውጣ በጣቶቿ ጫፍ ገፋችው፤ የጉጡ ግማሽ እስኪሸፈን።

"በቃ፣ ተመለሰ። አሁን ማን ያውቃል?"

"እኔ። ደግሞ እሳቸው።" በአገጯ ወደ ሟቹ ፎቶ አመለከተችው።

የዕጣ እንጨቶቹን ይዛ ተንበረከከች። "ጋሼ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ቢሺያ ነኝ። ሳላስበው አነቃነቅኩዎ። ይቅር ብለውኛል?" ጣለች። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ። እንደገና ጠይቃ ጣለች፤ እንደገና ተደፉ። ወንድሟ ታያት፣ ካርቶኑም ታያት። ሦስተኛውን ዓይኗን ጨፍና ጣለች። ስትገልጥ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው።

"እሺ አሉ አይደል?" አለ ቹንሃው። ቢሺያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ግን አልቀለላትም። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ይዛ ተጋድማ ሳለ ሰዓቷን በየደቂቃው ታያለች። ብትናገር እማማ ዳግመኛ አያምኗትም፣ የሰፈሩም ሰው ሁሉ እስከ ማታ ይሰማል። ዝም ብትል ግን ማጨሻውን ባዩ ቁጥር ቢሺያ ጠበቀችልኝ ሊሉ ነው። ሟቹ ይቅር ቢሉም፣ ቃሏን የሰጠችው ለሟቹ አይደለም።

እማማ ዩንጀን በሰዓታቸው መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ቤቱን አዩት። "የማን ቤት ነው ይሄ?" አሉ ቀስ ብለው። ሁልጊዜ የሚቀመጡባትን ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ በዓይናቸው ፈለጓት፤ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ጋር ጓሮ ናት። ስለዚህ እንደቆሙ ቀሩ።

ቢሺያ ዘይቱንም፣ መንሸራተቱንም፣ ፎቶውንም ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። እማማ አልተቆጡም። ያ ይበልጥ አስፈራት።

"ሽማግሌውን ጠየቅሽው?"

"ጠየቅኳቸው።"

"ስንቴ?"

"ሦስቴ።"

"ምን አለሽ?"

"መጀመሪያ እምቢ አሉ። ሁለተኛም እምቢ አሉ።"

የእማማ ፊት በራ። "ለአንድ ጣት?" አሉ። "ለአንድ ጣት እምቢ ያለ ሽማግሌ ታይፔ ድረስ በመኪና ሊሄድልኝ ነው? ባለፈው ወር እሺ ያለው እኔን ደክሟት ነው ብሎ ይሆናል።" እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ ስልኩን ጨበጠ፣ ግን አላወጣውም። የፈሩት ነገር ነበር። "ሦስተኛውስ?"

ቢሺያ ቀና ብላ አየቻቸው። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሴት እንደ ሕፃን በዓይናቸው ይለምኗታል። ቹንሃው ከካሜራው ቀና ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ መልሶ ዘጋው።

"ሦስተኛውም እምቢ" አለች።

እማማ ስልኩን አወጡ። "ጂንፉ፣ አባትህ ሐሳቡን ቀይሯል። አይ፣ እኔ አልጣልኩም፣ ቢሺያ ናት የጣለችው፣ ሰው አለ ምስክር።" ድምፃቸው ቢሺያ ከሃያ ዓመት በፊት የምታውቀው ብርቱ ድምፅ ነበር።

ቢሺያ ጓሮ ሄዳ በርጩማዋን አመጣችና ከኋላቸው አስቀመጠችላቸው። ቀጥሎ የትንኝ መምቻውን፣ የመድኃኒቱን ፌስታል፣ የክሊኒኩን ቀጠሮ፣ ነጠላ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መመለስ ጀመረች። በመሠዊያው ፊት ብዙ ጊዜ ተመላለሰች፤ ወደ ሟቹ ፎቶ ግን አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችም።